የእመቤት ዶውና የሁለቱ ፍላጻዎች ዜና

ሰሜን ቻይናን የዡ ነገሥታት በሚገዙበት ወራት፣ የንጉሡ የዉ እኅት ልዕልት ሺያንግያንግ ለጦር አለቃው ለዶው ዪ ተድራ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኒቱ ስትወለድ ጠጉሯ ከአንገቷ በታች ይወርድ ነበር፤ በ3 ዓመቷም ቁመቷን አከለ። ንጉሡ አጎቷ ወዷት በቤተ መንግሥቱ አሳደጋት። እርሱ ከቱርኮች ወገን ያገባትን ንግሥት ችላ ማለቱን አይታ፣ ጠረፉ ገና አልጸናምና ስለ ሕዝቡ ብሎ እንዲያከብራት በስውር መከረችው፤ ንጉሡም የሕፃን ምክር ነው ብሎ ሳይንቅ ተቀበለ።

ዶው ዪ ይህን በሰማ ጊዜ፣ እንዲህ ያለችውን ልጅ ለመጣ ሁሉ አንሰጥም፣ ብልህ ባል ይፈለግላት ብሎ ለልዕልቲቱ ነገራት። በደጁ መከለያም ላይ ጣዎስ የሚባሉትን ባለ ረጅም ጭራ ወፎች ሁለት አድርጎ አሣለ። ለጋብቻ ለሚመጣ የመኳንንት ልጅ ሁሉ ሁለት ሁለት ፍላጻ ሰጠ፤ በልቡ ግን የወፎቹን ዓይን ለሚመታ ሊድራት ቆርጦ ነበር። በዐሥሮች የሚቆጠሩ ጎበዛዝት መጥተው ሳቱ። በመጨረሻ በ7 ዓመቱ የአባቱን የታንግ መስፍንነት የወረሰው ሊ ዩዋን ደረሰ። ቀስቱን ገተረ፤ ፊተኛው ፍላጻ በአንዱ ጣዎስ ዓይን ተተከለ፣ ኋለኛውም በሁለተኛው። ሰማይ ያቀናውን እጅ ማን ያናውጠዋል! ዶው ዪ እጅግ ደስ ብሎት ልጁን ሰጠው። ስለዚህም ቻይናውያን ሰው ለአማችነት ሲመረጥ «ቹዌፒንግ ጆንግሹዋን»፣ በጣዎሱ መከለያ ተመረጠ፣ ይላሉ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ581 ያንግ ጂየን የዡን ዙፋን ወስዶ የሱዊን መንግሥት አቆመ። የዶው ዪ ልጅም ወንድ ሆኜ የአጎቴን ቤት በታደግሁ ብላ ራሷን ጥላ አለቀሰች፤ ወላጆቿ ዘራችንን ታስፈጂያለሽ ብለው አፏን ያዙ።

ምሳሌው የወንዱን ፍላጻ ያወድሳል፤ ቤቱን ያቆመችው ግን እርሷ ናት። የያንግ ጂየን ልጅ፣ የሱዊው ንጉሥ ያንግ፣ ፈረስና ጭልፊት ይወድ ነበርና፣ ባሏ ምርጥ ፈረሶቹን ፈጥኖ እንዲያበረክት መከረችው። እርሱ ዘገየ፤ ተግሣጽም አገኘው። በ45 ዓመቷ ካረፈች በኋላ እንደ ቃሏ ፈረስና ጭልፊት ቢልክ ወዲያው የጦር አለቃ ሆኖ ተሾመ። ያን ጊዜ እያለቀሰ፣ እናታችሁን ሰምቼ ቢሆን ይህን ሹመት ከብዙ ዘመን በፊት ባገኘሁ ብሎ ለልጆቹ ተናገረ።

በ618 ሊ ዩዋን በቻንግአን ነገሠ፤ ለ289 ዓመት የቆየውን የታንግን መንግሥት መሠረተ፤ ሟቿንም ንግሥት ብሎ ሰየማት። በ626 በቤተ መንግሥቱ ሰሜን በር በልጆቿ መካከል የዙፋን ጠብ ተነሥቶ ደም ፈሰሰ፤ በዚያው ዓመት ሁለተኛው ልጇ ሊ ሺሚን ዙፋኑን ያዘ። ይህም ታላቅ ንጉሥ የተወለደበትን ቤት ሊጎበኝ በሄደ ጊዜ፣ ያሳደገችኝን እናቴን ውለታዋን ልመልስላት አልቻልሁም ብሎ ጮኾ አለቀሰ፤ መሥዋዕትም አቀረበላት።