ግንቦት የገቡ እንግዶች

ማርሴይ በታሪኳ ከተቀበለቻቸው እንግዶች ሁሉ ክፉው የገባው በሜይ 25 ቀን 1720 ነው። (ቀኖቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ዋና ዋናዎቹ በእኛ ግንቦት ውስጥ ይውላሉ፤ ርዕሱም የመጣው ከዚያ ነው።) ግራን ሴንት አንትዋን የምትባል የንግድ መርከብ ነበረች። ከሶርያና ከሊባኖስ ዳርቻ ሐርና ጥጥ ጭና መጣች። ጭነቱ በጁላይ ቦኬር ከተማ ላይ ለሚቆመው ትልቅ ገበያ መድረስ ነበረበት። በመንገድ ላይ ግን ስምንት ዘጠኝ ሰው ሞቶባታል። መጀመሪያ አንድ ተሳፋሪ፣ ቀጥሎ ሬሳውን ወደ ባሕር የጣሉት መርከበኞች፣ ከዚያ የመርከቧ ሐኪም ራሱ። ካፒቴኑ ሻቶ መጨረሻ ላይ ከሰው ተለይቶ የኋለኛው ክፍል ውስጥ ዘግቶ ተቀመጠ ይባላል።

ከተማዋ ታዲያ ሞኝ አልነበረችም። ከምሥራቅ የሚመጣ መርከብ ሁሉ ከተነሣበት ወደብ የጤና ወረቀት ይዞ መምጣት ነበረበት። ወረቀቱ ደረጃ አለው፦ ንጹሕ፣ አጠራጣሪ፣ በሽታ ያለበት። ሰውም ዕቃም የሚቆይበት ጊዜ በዚያው ልክ ይወሰናል። በኮቪድ ጊዜ ሁላችንም አፋችን ላይ የገባው "ኳራንቲን" የሚለው ቃል የመጣው እዚያው ሜዲትራኒያን ላይ ከተለመደው የአርባ ቀን ቆይታ ነው። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ እንዲህ ዓይነት ነገር ሳነብ መጀመሪያ የማየው አሠራሩን ነው፤ እውነቱን ለመናገር አሠራሩ ጎበዝ ነበር። በወረቀት ያጣራል፣ ይለያል፣ ያቆያል፣ ከዚያ ያስገባል። ብዙ ጊዜ ሠርቷል።

የተበላሸው "ለዚህ ግን ለየት እናድርግለት" የተባለ ቀን ነው። የተጠረጠረ መርከብ ጭነቱን ከከተማዋ ራቅ ብላ ባለችው በጃር ደሴት ማቆየት ነበረበት። የጤና ሹማምንቱ ግን ዋጋ ያለው ጨርቅ ከተማዋ አፍ ላይ ወዳለው ማቆያ እንዲራገፍ ፈቀዱ። ከጭነቱ ባለቤቶች አንዱ ኤስቴል የተባለው፣ የከተማዋ ሹማምንት ቁንጮ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ጣታቸውን የሚቀስሩት እዚህ ላይ ነው። ጥቅሉን የፈቱት ወዛደሮች ሞቱ፤ ጨርቁም በድብቅ እየወጣ ከተማ ገባ። ወደ 90 ሺህ ከሚጠጋው ነዋሪ 40 ሺህ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አለቀ። መርከቧን በሴፕቴምበር ወደ ጃር ወስደው አቃጠሏት፣ ምን ዋጋ አለው። ካፒቴኑ እስከ 1723 በኢፍ ደሴት ምሽግ ታሰረ። (አዎ፣ የደሴቱ ስም "ኢፍ" ነው፤ ኮድ የምትጽፉ ልጆች ሳቁ።) ኤስቴልን ያሰረው የለም።

እኔ ማርሴይ ስኖር ይሄ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። እዚህ እንግዳ የሚበዛው በጸደይ ነው፤ ጸደይ ስል የመስከረሙን የአደይ አበባ ሳይሆን የሚያዝያና የግንቦቱን ማለቴ ነው። ካላንክ የሚባሉት የድንጋይ ገደሎች ከጁን ጀምሮ በእሳት ስጋት ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ፤ ስለዚህ በእግር ለመሄድ ጥሩው ጊዜ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሚስትራል የሚባለው ነፋስ ካልመጣ። ከመጣ ወደ ደሴቶቹ የሚሄደው ጀልባ ይቀራል፤ እንግዳችሁን ይዛችሁ ወደብ ዳር ቡና ትጠጣላችሁ፣ በቃ። ካሌሎንግ ከሚባለው የመንገዱ ጫፍ ተነስታችሁ ትንሽ ስትወጡ ጃር ደሴት ታየናለች። ዛፍ የላትም፣ ነጭ ድንጋይ ናት። የመርከቧ ቅሪት የተገኘው እዚያው ባሕር ውስጥ ነው፤ መልህቋ ዛሬ በማርሴይ ታሪክ ሙዚየም ይታያል።

ባለፈው ግንቦት የመጣችው እንግዳ እናቴ ነበረች። ወላጁን ወደ ፈረንሳይ የጋበዘ ያውቀዋል፦ መጀመሪያ ጋባዡ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ የእንግዳ መቀበያ ማረጋገጫ ያወጣል። የቤት ወረቀት፣ የገቢ ማስረጃ፣ ቤቱ ስንት ካሬ እንደሆነ፣ 30 ዩሮ። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ የት እንደምትተኛ ለመንግሥት ማስረዳት መጀመሪያ ሳቅ ሳቅ ብሎኝ ነበር፤ ቪዛው እስኪመጣ ባሉት ሳምንታት ግን ሳቄ ጠፋ። አባቴ ከሞተ በኋላ አላየኋትም ነበር። ንጹሕ፣ አጠራጣሪ፣ በሽታ ያለበት። ያ የድሮ ወረቀት የገባኝ ያኔ ነው። በርበሬውና ሽሮው ገባ። ቅቤው ግን ከአውሮፓ ውጭ የመጣ የወተት ውጤት ስለሆነ አይገባም፤ ቀድሜ ነግሬያት ስለነበር አዲስ አበባ ለእህቴ ትታው መጣች፣ ቅር እያላት።

እማዬ ሐረር ነው ያደገችው። ስለዚህ ካላንኩን ሁለተኛ ቀን አድርገን መጀመሪያ ላ ኮንሴፕሲዮን ሆስፒታል ሄድን። "ሽርሽር ብለህ ሆስፒታል?" አለችኝ። እዚያ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ፦ ባለቅኔው አርቱር ራምቦ የሞተው በዚህ ሆስፒታል ነው። ሐረር ያደገ ሰው "የራምቦ ቤት" የሚባለውን ያውቃል፤ ሰውዬው በእርግጥ የኖረበት ባይሆንም። ራምቦ በ1891 ሐረር ላይ ሲነግድ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። ራሱ ነድፎ ባሠራው ቃሬዛ፣ 16 ሰው ተሸክሞት፣ በረሃውን አቋርጦ ዘይላ ደረሰ። ከዚያ ኤደን፤ ከኤደን በመርከብ ማርሴይ። የገባው ሜይ 20 ነው፤ በሳምንቱ እግሩ ተቆረጠ። በኖቬምበር 10 ሞተ፣ በ37 ዓመቱ።

ሐረርን ያኔ የሚገዙት ራስ መኮንን ነበሩ። ራምቦን በንግዱ ያውቁታል፤ ለምኒልክ ያመጣው ጠመንጃ ሒሳብ የተከፈለው በእሳቸው በኩል ነው። እግሩ መቆረጡን ሲሰሙ ማዘናቸውን ጽፈው ደብዳቤ ልከውለታል። እናቴ ከሁሉም ይህን ነው የወደደችው። "ታዲያስ! ሐረርጌ ወዳጁን ሳይጠይቅ ይቀራል?" አለች፣ ጽሑፉ ፊት ቆማ።

ልጃቸው የተወለዱት ራምቦ በሞተ በዓመቱ ነው፤ በሜይ 1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሆነው እዚሁ ወደብ ወረዱ። ራስ ኃይሉ፣ ራስ ሥዩም፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ አብረዋቸው ነበሩ። ከማርሴይ በባቡር ወደ ፓሪስ ቀጠሉ። ዛሬ በሴንት ሻርል ጣቢያ ፊት ያለው ባለ 104 እርከን ደረጃ ያኔ አልነበረም፤ የተመረቀው በ1927 ነው። በደረጃው ግራና ቀኝ ሁለት የተጋደሙ ሴቶች ሐውልት አለ፤ አንዷ የእስያ ቅኝ ግዛቶች፣ አንዷ የአፍሪካ። እናቴ ደረጃውን እየወጣች አረፍ ስትል "ይህቺ ማን ናት?" አለችኝ። ነገርኳት። ትንፋሿን ሰብስባ "እኛ የለንበትማ" ብላ ቀጠለች።

ራስ ተፈሪ ኢትዮጵያን የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ካደረጉ ገና ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ለሽርሽር አልመጡም። ከያዙት ጉዳይ ዋነኛው የባሕር በር ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ከገባ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ የባቡሩ ጫፍ ያለው ወደብ ግን የፈረንሳይ ነው። ፓሪስ ላይ በክብር ተቀበሏቸው፣ ግብዣው ደመቀ፣ ፎቶግራፉ ብዙ ነው። በሌሎቹ ዋና ከተሞችም ተስተናገዱ። አገራቸው ሲመለሱ ግን የወደቡ ነገር እንደነበረ ነበር፤ ባቡሩም የተሳፈሩት ከዚያው ከጅቡቲ ነው።