ካራት፦ ከዘር ፍሬ እስከ ዓለም ሚዛን

የቅኔ ሊቃውንት «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስያሜ የተዋሱት ከአንጥረኛው ሙያ ነው። አንጥረኛው የጌጡን ቅርጽ በሰም ሠርቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ካወጣ በኋላ በቦታው የቀለጠ ወርቅ ያፈስሳል። በቅኔ ከሰሙ ሥር ወርቅ ይገኛል፤ በገበያ ግን ከወርቁ ሥር መዳብ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የሰው ልጅ ወርቅንና አልማዝን በትክክል ለመለካት ያደረገው ረጅም ጥረት ይህን ማታለል ለመግታት የተካሄደ ትግል ታሪክ ነው።

የዚህ ታሪክ ቁልፍ «ካራት» የተሰኘው ቃል ነው። ምንጩ በሜድትራኒያን ባሕር ዳርቻ የሚበቅለው የካሮብ ዛፍ ነው። ግሪኮች ፍሬውን «ኬራቲዮን» አሉት፤ ስሙም በዐረብኛ «ቂራጥ» ተብሎ የክብደት መለኪያ ሆነ። ጥንታውያን ነጋዴዎች የዚህ ዛፍ ዘሮች እኩል ይመዝናሉ ብለው ስላመኑ እንደ ሚዛን ድንጋይ ተገለገሉባቸው። የሮማው ቄሣር ቆስጠንጢኖስ በ4ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ያስቀረጸው «ሶሊዱስ» የተባለ የወርቅ ገንዘብ የ24 ዘር ክብደት፣ ማለትም 4.5 ግራም ያህል ነበረው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት መባሉም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

የሮማ ሚዛን አክሱምም ደርሷል። ንጉሥ እንዱቢስ በ3ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ያስቀረጸው የወርቅ ገንዘብ 2.7 ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ በኢዛና ዘመን ከአዲሱ የሮማ ሥርዓት ጋር እንዲስማማ ወደ 1.6 ግራም ገደማ ወረደ። በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ደግሞ በገንዘቡ ውስጥ ያለው ወርቅ ራሱ እየቀነሰ፣ ቅይጡ እየበዛ ሄደ።

ለወርቅ ካራት የጥራት እንጂ የክብደት መለኪያ አይደለም። ጌጡ በ24 እኩል እጅ ቢከፈል ስንቱ እጅ ወርቅ እንደሆነ ይገልጻል። 18 ካራት ማለት 18ቱ እጅ ወርቅ፣ 6ቱ እጅ መዳብ፣ ብር ወይም ሌላ ማዕድን ማለት ነው፤ «750» የሚለው ማኅተምም ይህንኑ ከሺህ ያመለክታል። ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ በመሆኑ መቀየጥ ለጥንካሬ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ነውሩ መቀየጡ ሳይሆን ቅይጡን መደበቁ ነው። ይህን ለማጋለጥ አንጥረኞች ከጥንት ጀምሮ ጌጡን በጥቁር መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፈግፍገው፣ ጭረቱን ጥራቱ ከታወቀ ወርቅ ጭረት ጋር ያስተያያሉ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1300 የወጣ ሕግ ደግሞ የብር ዕቃ ከሠሪው እጅ ከመውጣቱ በፊት ተፈትኖ የነብር ራስ ማኅተም እንዲመታበት፣ የወርቅ ሥራም ከተወሰነ ደረጃ እንዳያንስ አዘዘ።

ለአልማዝ ግን ካራት ክብደት ነው። ለዘመናት እያንዳንዱ የንግድ ከተማ የራሱ ካራት ነበረው፤ በአንዱ ከ190 ሚሊግራም በታች፣ በሌላው ከ210 በላይ ይመዝን ነበር። በደቡብ አፍሪቃ እ.ኤ.አ. በ1905 የተገኘው «ከሊናን» የተሰኘ ግዙፍ አልማዝ በቀድሞው የእንግሊዝ ካራት 3,025 ሲሆን፣ በዛሬው 3,106 ነው። የተለያየው ሚዛኑ እንጂ ድንጋዩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1907 ዓለም አቀፉ የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ አንድ ካራት 200 ሚሊግራም እንዲሆን ወሰነ፤ አገሮችም ተራ በተራ ተቀበሉት።

በኋላ በተደረገ ምርምር የካሮብ ዘሮች እንደ ሌላው ዘር ሁሉ ክብደታቸው የተለያየ መሆኑ ተረጋግጧል። እኩል ሊያደርጋቸው ይችል የነበረው የመራጩ እጅ ብቻ ነበር፤ እጁ ሐቀኛ ሲሆን ሚዛኑ ሐቀኛ፣ እጁ ሲያብል ሚዛኑ አባይ ይሆናል። ለልጁ የጋብቻ ቀለበት ሊገዛ የዓመታት ጥሪቱን ቋጥሮ ወደ ወርቅ ቤት የሚገባ ሰው «ከሺህ ስንቱ እጅ ወርቅ ነው?» ብሎ የመጠየቅ መብት ያገኘው ሚዛን ከመራጩ እጅ ወጥቶ በሕግ ሲጸና ነው።