የገንዘብ ጥቃት፦ ውክልናው ትክክል፣ ፈቃዱ ግን የት አለ?

መርካቶ ውስጥ ባንክ ፈልጎ የሚቸገር የለም። ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ፣ ከአንዋር መስጊድ እስከ ራጉኤል ባለው ግርግር ውስጥ ቅርንጫፎች ተጠጋግተው ተደርድረዋል። በየመስኮቱ ወረፋ ከሚይዙት መካከል ዕድሜያቸው የገፋ፣ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ዓይናቸው የደከመ ነጋዴዎች አሉ። ብዙዎቹ ብቻቸውን አይመጡም። ልጅ ወይም የእህት ልጅ ደግፎ ያመጣቸዋል። ቅጹን የሚሞላው እሱ ነው፣ ፒኑን የሚያውቀው እሱ ነው፣ ገንዘብ ወጣ ገባ የሚለው መልእክትም የሚደርሰው በእሱ ስልክ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የልጅ ወግ ነው። አንዳንዴ ግን በደል ይሆናል።

ያ በደል በሌሎች አገሮች የባንክ አሠራር ውስጥ «ፋይናንሻል አቢዩዝ» ይባላል። በአማርኛ «የገንዘብ ጥቃት» ልንለው እንችላለን፦ በዝምድና፣ በአደራ ወይም በጥገኝነት የተገኘን ቦታ መከታ አድርጎ የሌላውን ገንዘብ መውሰድ፣ ወይም ባለቤቱ በገዛ ገንዘቡ እንዳያዝ መከልከል ማለት ነው። «ማጭበርበር» የሚለው የተለመደ ቃል እዚህ ላይ አይበቃም። አጭበርባሪ ሐሰተኛ ስም ወይም ሐሰተኛ ሰነድ ያስፈልገዋል፤ እዚህ ግን ልጅነቱ እውነት፣ ውክልናው እውነት፣ የእናቲቱም አሻራ የራሷ ነው። «ስርቆት» እንዳይባልም ቁልፉን በእጇ የሰጠችው እሷው ናት። «ተጠቃሁ» የሚል ሰው ግን የሚናገረው አቅም ያለው በአቅመ ቢሱ ላይ ስለሚሠራው ግፍ ነው፤ ነገሩም ይኸው ነው።

ከዚህ ቃል ጋር «ተጋላጭ ደንበኛ» የሚል ሌላ ስያሜ ይመጣል። እርጅና ብቻ አይደለም የሚያጋልጠው። ሕመም፣ አካል ጉዳት፣ ማንበብ አለመቻልና ሐዘንም ያጋልጣሉ። ባሏን ትናንት የቀበረች ሴት ዛሬ የቀረበላትን ሁሉ ልትፈርም ትችላለች፤ ከዓመት በኋላ ግን ሱቋን ከማንም በላይ የምታስተዳድረው እሷ ልትሆን ትችላለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 6 ሰዎች አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዓይነት በደል ይደርስበታል፤ የገንዘብ በደል አንዱ ነው። ሀብትም ከዚህ አያድንም። የኒውዮርኳ ባለጸጋና በጎ አድራጊ ብሩክ አስተር እ.ኤ.አ. በ2007 በ105 ዓመቷ ስታርፍ አእምሮዋ ከደከመ ቆይቶ ነበር፤ በ2009 በገንዘቧ ላይ በፈጸመው ወንጀል ጥፋተኛ የተባለው አንድ ልጇ አንቶኒ ማርሻል ነው።

የእኛ አገር መልክ ሌላ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ በሰው ቤት ሠርተው ለዓመታት የላኩት ደመወዝ በቤተሰብ እጅ አልቆ የጠበቃቸው ሴቶች ነበሩ። ገንዘቡ የተላከው በወንድም ወይም በአባት ሂሳብ ከሆነ ባንኩ የሚያውቀው ባለቤት እሱን ብቻ ነው። የለፋችው ልጅ በመዝገቡ ላይ የለችም።

ሕጋችን ባዶ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 የዓይነ ስውርና የማያነብ ሰው ፊርማ ወይም አሻራ በዳኛ ወይም ሥልጣን ባለው አረጋጋጭ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ ይፈቅዳል፤ ቤት ለመሸጥ ወይም ስጦታ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ደግሞ፣ የተለየ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቀራል። እናት አእምሮዋ ከደከመ በኋላ ልጅ በዚያው ወረቀት ለዓመታት ሲያወጣ ማን ይጠይቀዋል? ሕጉ ጥበቃውን ያቆመው ወረቀቱ በሚጻፍበት በውልና ማስረጃ ደጅ ላይ ነው፤ ገንዘቡ የሚወጣው ግን በባንኩ መስኮት ነው።

የባንክ ግዴታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን በሚከለክለው ሕግ መሠረትም ባንኮች በደንበኛ ስም የሚቀርበውን ሰው ሥልጣን ማጣራትና አጠራጣሪ የገንዘብ እንቅስቃሴን ማሳወቅ አለባቸው። ስለዚህ ያልተለመደ ወጪን የሚያይ ዓይን ባንኮቻችን አላቸው። ያ ዓይን ከወንጀል የመጣን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ወር በወር 2 ሺህ ብር ስታወጣ የኖረች አሮጊት ድንገት 400 ሺህ ብር ልታወጣ በልጇ ተደግፋ ስትመጣም ሊነቃ ይገባዋል። ሠራተኛው ልጁን ትንሽ ከመስኮቱ ፈቀቅ እንዲል ጠይቆ፣ «እማማ፣ ይህ ገንዘብ ለምን እንደሚወጣ ያውቃሉ?» ቢል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መርካቶ ውስጥ ሁሉም ሰው አማርኛ አይናገርም፤ ጥያቄው በጉራጊኛ፣ በስልጢኛ ወይም በኦሮምኛ መቅረብ ካለበት እንደዚያው ይቅረብ።

አሜሪካ ውስጥ ለሰነደ መዋዕለ ንዋይ አገበያዮች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራ ደንብ ዕድሜው 65 የሞላ ደንበኛ ገንዘብ ላይ ብዝበዛ ሲጠረጠር ክፍያውን ለ15 የሥራ ቀናት እንዲያቆዩ ይፈቅዳል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ግልጽ ሥልጣን ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ቢሰጥ፣ በአንድ በኩል ከቤተሰብ ቁጣ በሌላ በኩል ከክስ ፍርሃት ያድነው ነበር።

ጥበቃ ግን እስራት እንዳይሆን ያሰጋል። ዓይነ ስውር ደንበኛን «ሰው ይዘህ ና» ብሎ መመለስ ጥበቃ አይደለም፤ እንዲያውም ፒኑን ለሌላ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 የራስን ገንዘብ የማስተዳደር መብት እኩል መሆኑን ደንግጓል። ባንኩ ሲጠራጠርም ለሌላኛው ልጅ ደውሎ የእናቲቱን ሂሳብ ማውራት አይችልም፤ ምስጢሩ የእሷ ነው።

የሂሳቡ ባለቤትም በእጁ ያለ መከላከያ አለው፦ ውክልና የሰጠ ሰው ባሻው ጊዜ መሻር ይችላል። ሽረቱ በውልና ማስረጃ ከተመዘገበ በኋላ ግን ቅጂው ሂሳቡ ላለበት ባንክ በጽሑፍ መድረስ አለበት፤ መሻሩን ያልሰማ ገንዘብ ከፋይ በአሮጌው ወረቀት መክፈሉን ይቀጥላልና። የሞባይል ባንኪንጉ ፒንና መልእክቱ የሚገባበት ስልክ ቁጥርም በዚያው ቀን ይቀየሩ።