የኤንትሬዋ ወንበር ቀለሙ የትኛው ነው?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ሰሞኑን እዚህ ሉማሜ አንድ ግቢ ውስጥ ጥሩ የታሪክ ክርክር ገጠመኝ። ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦርነት እንዳይመስላችሁ፤ ስለ መኪና ወንበር ቀለም ነው።

መኪናዋ ፊያት 682 ኤን 3 ናት፤ ሁላችንም «ኤንትሬ» የምንላት። «ትሬ» በጣሊያንኛ ሦስት ማለት ነው። ፊያት 682ን መሥራት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያኖች መኪናውን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም ትተውልናል፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጋቢናም ጭምር።

ባለቤቱ የሟች አባቱን መኪና እያሳደሰ ነው። የወንበሩ ሰው ሠራሽ ቆዳ ነጥቷል፣ ተሰነጣጥቋል። ልጁ «እንደ ድሮው ይሁን» ይላል። እናቱ «ቡኒ ነበር፤ ስንት ዓመት የተቀመጥሁበት እኮ ነው» አሉ። ወንበር ሠሪው ስፌቱን ሲፈታ ግን፣ ፀሐይ ካላየው እጥፋት ውስጥ ጥቁር ቀይ ወጣ።

«እማ፣ ረስተሽው ነው» አለ ልጁ።

እኔ ደግሞ ማንም አልረሳም አልኩ። ይህ ቆዳ ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ነው። የሚያለሰልሰው ዘይት መሰል ነገር በሙቀት ቀስ በቀስ እየወጣ ያልቃል፤ ቀለሙን ደግሞ የፀሐይ ጨረር ይበላዋል። የደጋ ፀሐይ ለስላሳ ቢመስልም አልትራቫዮሌቱ ከቆላው ይበረታል። አባይ በረሃ ሙቀቱን፣ ደጋው ጨረሩን እየሰጡ ቀዩን ቡኒ አደረጉት።

የባሰበት የቀኙ ወንበር ነው። የዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነበር። አገራችን ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ የኤንትሬዋ መሪ ግን ያው በቀኝ ነው። ያ የተላላጠው ቦታ እንግዲህ የአባትየው መቀመጫ ነው።

ስለዚህ ቀለም ማመሳሰል ዓመት መምረጥ ነው። ቀዩ የፋብሪካው ነው፤ ቡኒው የቤተሰቡ። ሁለቱም እውነት ናቸው። የድሮ ፎቶ ይፍረድ እንዳንል፣ የቀለም ፎቶም ራሱ ይደበዝዛል።

ልጁ ብዙ አስቦ ቡኒውን መረጠ። የተሰነጠቀው ተጠገነ፣ የዓመታት ቅባት በሳሙና ታጠበ። ቀለሙ መጀመሪያ ከወንበሩ ሥር፣ ዓይን በማይገባበት ቦታ ተሞከረ። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ መልኩን ይለውጣል፤ በአምፖል የተስማማውም ደጅ ሲወጣ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚፈረደው ደርቆ፣ በቀን ብርሃን ነው። ሁለቴ አልሆነም። በሦስተኛው እናትየው የቀኙን ወንበር ዳበስ አድርገው «አዎ፣ ይኼ ነው» አሉ፤ ከዚያ ዝም አሉ።

እጥፋቱን ግን ቀለም እንዳይነካው ለመንኳቸው። ቀዩ እንዳለ ተመልሶ ተሰፋ። ነገ ወንበሩን የሚፈታ ሰው ያገኘዋል፤ እሱም በተራው ይከራከር።

እናንተስ ቤት ሊታደስ የተዘጋጀ አሮጌ ነገር አለ? ከመቀባታችሁ በፊት እጥፋቱን ግለጡ፤ እናታችሁንም ጠይቁ።