የሸጡትን ቤት መልሶ መግዛት

በምዕራብ ለንደን ኢሊንግ የሚባል ወረዳ አለ። በ2019 በወጣ መረጃ መሠረት የወረዳው ምክር ቤት (እዚያ ያሉት ወገኖቻችን ካውንስል የሚሉት) በፊት ለተከራዮቹ ከሸጣቸው ቤቶች 516ቱን መልሶ ገዝቷል። ሲሸጣቸው ያገኘው 16 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። መልሶ ለመግዛት 107 ሚሊዮን ከፈለ። ግሽበት አለ፣ እሱን አልረሳሁም። ግን ግሽበት ብቻውን ይህን ልዩነት አይሸፍነውም።

ወዳጆች፣ የካውንስል ቤት ሲባል ከእኛ የቀበሌ ቤት ጋር እንዳይምታታባችሁ። የቀበሌ ቤት በአብዛኛው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከባለቤቱ የተወረሰ ነው። የካውንስል ቤት ግን ካውንስሉ ራሱ ለሕዝብ ብሎ የሠራው ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው በስፋት የተጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት በ1919ኙ ሕግ ነው። በ1979 ከብሪታንያ ቤተሰቦች ሲሶ ያህሉ በእነዚህ ቤቶች ይኖሩ ነበር።

በዚያው ዓመት ማርጋሬት ታቸር ሥልጣን ያዙ። የ1980ው የቤቶች ሕግ ለተከራዩ የሚኖርበትን ቤት የመግዛት መብት ሰጠው። ሦስት ዓመት የኖረ 33 በመቶ፣ ሃያ ዓመት የኖረ 50 በመቶ ቅናሽ ያገኛል። ለአፓርታማ ኋላ ላይ እስከ 70 በመቶ ደርሷል። ታቸር ራሳቸው በምሥራቅ ለንደን ዳርቻ ወዳለው ሃሮልድ ሂል ሄደው ቤቱን ለገዛ አንድ ቤተሰብ ሰነዱን አስረከቡ፣ ሻይም ጠጡ።

የገዙትን አልወቅስም። ሃያ ዓመት ኪራይ የከፈልኩበትን ቤት በግማሽ ዋጋ ውሰድ ብትሉኝ እኔም አላቅማማም። የእኔ ጥያቄ ገንዘቡ የት ገባ የሚለው ነው። ካውንስሎቹ ከሽያጩ ያገኙትን እንደፈለጉ ለአዲስ ቤት ግንባታ እንዳያውሉ ማዕከላዊው መንግሥት አጠበቀባቸው። ከ1990 ጀምሮ ደግሞ ሦስት አራተኛውን ለዕዳ ክፍያ እንዲያስቀምጡ ታዘዙ። በእንግሊዝ እስካሁን ወደ 2 ሚሊዮን ቤት ተሸጠ፤ የተተካው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ቤቱ ቢሄድም ግዴታው አልሄደም። በ1977 የወጣ ሕግ ቤት አልባ የሆኑ ልጅ ያላቸውን ቤተሰቦች ማስጠለል የካውንስሉ ኃላፊነት ነው ይላል። ካውንስሉ በእጁ ቤት ሲያጣ ወደ ፔንሲዮንና ወደ ግል አከራይ ሄደ። የለንደን ምክር ቤት አባል የነበሩት ቶም ኮፕሊ በ2019 ባወጡት ጥናት፣ በለንደን በዚህ መንገድ ከተሸጡት ቤቶች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት በግል አከራዮች እጅ ገብተዋል። ስለዚህ ካውንስሉ ራሱ ለሠራው ቤት በሌሊት ሒሳብ ኪራይ የሚከፍልበት ጊዜ መጣ። ከማዕከላዊው መንግሥት የሚያገኘው ድጎማ ደግሞ በ2011 የኪራይ ተመን ላይ ተቸንክሮ ቀርቷል። የጎደለውን ከራሱ ካዝና ይሞላል። በ2024 በእንግሊዝ ከ120 ሺህ በላይ ቤተሰቦች በጊዜያዊ መጠለያ ነበሩ።

መልሶ መግዛት የመጣው ከዚህ ነው። በ2021 የለንደን ከንቲባ ሳዲቅ ካን ወረዳዎቹ የሸጧቸውን ቤቶች እንዲገዙ የሚደግፍ ፕሮግራም ጀመሩ። ሒሳቡ ያስኬዳል። ሕንፃው ብዙ ጊዜ አሁንም የካውንስሉ ነው፣ ጣሪያውንም ሊፍቱንም የሚያሠራው እሱ ነው። የሚመለሰው በውስጡ ያለ አንድ አፓርታማ ነው። ቀዳዳውም ቢሆን እየጠበበ ነው፦ ስኮትላንድ በ2016፣ ዌልስ በ2019 ሽያጩን አቆሙ። እንግሊዝ በኅዳር 2024 በአብዛኛው የለንደን ወረዳ ከ130 ሺህ ፓውንድ በላይ የነበረውን የቅናሽ ጣሪያ ወደ 16 ሺህ አወረደች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ያው የ1980 ሕግ ለካውንስል ተከራይ ሌላም ነገር ሰጥቶ ነበር፦ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝና ያለ በቂ ምክንያት ከቤቱ እንዳይነሳ የሚጠብቀውን ዋስትና። አሁን ቤቱ በጊዜያዊ መጠለያነት ሲመለስ ያ ዋስትና አብሮ አይመለስም። በ1985 በዚያ አፓርታማ የነበረችው ተከራይ ባትገዛውም እንኳ ልጆቿን እዚያው ሠፈር ትምህርት ቤት አስገብታ እስኪያድጉ ታስተምራለች። ዛሬ በዚያው በር የምትገባው እናት ካውንስሉ ወደ ሌላ ወረዳ ሊያዛውራት ይችላል፤ ልጆቿን የት እንደምታስመዘግብ አታውቅም።