ወፍጮው ሲቆም የማይቆመው ድምፅ

እንግዲህ አድምጡኝ ወገኖቼ፤ ወጉ ረዘም ይላልና ጋቢያችሁን ደረብ አድርጉ። የምተርክላችሁ በአንኮበር ወረዳ ከጎረቤላ ተነሥቶ፣ ለጆሮው ጩኸት መድኃኒት ፍለጋ ብዙ ስለ ዞረ አንድ ሰው ነው። ስሙን አልጠራላችሁም፤ የናፍጣ ሞተር በሚያጓራበት ወፍጮ ቤት ሁሉ እርሱን የመሰለ አይጠፋምና፣ የአንዱን ስነግራችሁ የብዙዎቹን እንደ ነገርኳችሁ ቁጠሩት።

ይህ ሰው ገና ጢሙ ሳይቀና ወፍጮ ቤት ገባ። ማለዳ ሞተሩን ያስነሣል፣ ቺንጋውን ያጠብቃል፣ ከዚያም የገብሱንና የስንዴውን ጆንያ ተሸክሞ ወፍጮው አፍ ላይ ይደፋል፣ ከዚያም የሚወርደውን ዱቄት በሁለት ጣቱ እየዳሰሰ ልመቱን ይለያል። እናቶች ሒሳባቸውን ሲጠይቁት በጣቱ ያሳያቸዋል እንጂ ቃል አይወጣውም፤ በዚያ ቤት ቃል አይሰማማ። ሐኪሞች የሚሉትን ያኔ የነገረው አልነበረም፤ በክንድ ርቀት የቆመን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ ጆሮ የሚጎዳ ደረጃ ደርሷል ይላሉ። በልካቸው 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሰማ ዳሩ ነው፤ ከዚያ በላይ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጆሮ የሚታገሠው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ 94 ላይ ሲደርስ የቀረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። የእኛ ሰው ግን ከጠዋት እስከ ማታ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ እዚያው ነበር።

ከዚያም በታኅሣሥ አንድ ማታ፣ ውርጭ በሚወርድበትና ነፋሱ እንኳ ዝም ባለበት ማታ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ዱቄቱን ከራሱ ላይ አራግፎ ቤቱ ገባ፤ ራቱንም በላ፤ ከዚያም ጎኑን ሲያሳርፍ በሁለቱም ጆሮው ቀጭን ፉጨት ተነሣ። ተነሥቶ በሩን ከፈተ። ውጪው ጭር ብሏል። «ማነው እንዲህ የሚያፏጨው?» አላት ባለቤቱን። እሷም ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ አዳመጠች፣ ከዚያም ሣቅ ብላ፣ «ማንም የለም፤ ሰው እያነሣህ ይሆናል፤ ተኛ በል» አለችው። ያነሣው ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ አልተወውም፤ በማግሥቱም፣ በሣልስቱም አልተወውም።

አያችሁ፣ ዓይኑን የታመመ ሰው መቅላቱ ይታይለታል፤ እግሩን የታመመ ሲያነክስ ይታዘንለታል። ጆሮው የሚጮህበት ሰው ግን ምስክር የለውም። ቀን ቀን የወፍጮው ጓጓታ ፉጨቱን ይሸፍንለታል፤ ሌሊት ግን ብቻውን ከድምፁ ጋር ይፋጠጣል። እንቅልፍ አጣ፣ ከዚያም ነጭናጫ ሆነ፣ ከዚያም ለቅሶ ቤት ሰው ሲያወጋ ቃሉ እየተድበሰበሰበት ጥግ ጥጉን መቀመጥ ጀመረ። አንዳንዱ ዛር ነው አለ፣ አንዳንዱ የሰው ዓይን ነው አለ። እርሱ ራሱ በልቡ የፈራው እብደትን ነበርና ፍርሃቱን ለማንም አልተናገረም። ሰው ሳይኖር ቃል የሚናገር፣ የሚያዝዝ ድምፅ መስማት ሌላ ሕመም ነው፤ ለእርሱም ሌላ ሐኪም አለው። ፉጨት፣ ጭውታ፣ እንደ ሞተር ያለ ጉርምርምታ መስማት ግን እብደት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች 14 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከ740 ሚሊዮን በላይ ሰው፣ ይህን ድምፅ እንደሚያውቀው ገምቷል። የጎረቤላው ሰው ግን በዓለም ላይ ብቻውን የቀረ መስሎት ነበር።

ከዚያም መድኃኒት ፍለጋው ተጀመረ። መጀመሪያ ጎረቤቶች የጤና አዳም ቅጠል ጨምቀው አመጡለት፣ ከዚያም ለጋ ቅቤ አቅልጠው፣ ከዚያም ነጭ ሽንኩርት። አንኮበር የቅጠል አገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት በዚያ ወረዳ ሰዎች ለሕመማቸው የሚጠቀሙባቸው 135 ዓይነት ዕፅዋት መዝግቧል። ዕውቀቱን አልንቅም። ይሁን እንጂ የጆሮ ታንቡሩ የተቀደደበት ሰው ጆሮ ውስጥ ሐኪም ያላዘዘው ነገር ቢንጠባጠብ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ መቀደዱን ደግሞ በመብራት ሳያዩ ማወቅ አይቻልም። ሰውየውም በክብሪት እንጨት ጆሮውን ሲጎረጉር ኩኩን ወደ ውስጥ ገፋውና መስማቱ ባሰበት።

ከዚያም በበጋው ስንቁን ቋጥሮ፣ ኩታውን ለብሶ፣ ወደ ሞጃና ወደራ፣ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ወጣ። ስፍራውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከየአገሩ የመጣ ሕመምተኛ፣ እናቱን በጀርባው ያዘለ፣ ልጁን በእጁ የጎተተ፣ በብርዱ ተጠቅጥቆ ተራውን ይጠብቃል። እርሱም ተጠመቀ፣ ከዚያም ጠጣ፣ ከዚያም ከምእመናኑ መካከል ኩታውን ተከናንቦ ተኛ። ውኃው ይወርዳል፣ አንዱ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፣ አንዱ ያስላል፣ ሕፃን ያለቅሳል፤ በዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ከብዙ ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነጋ ለአንድ አረጋዊ ካህን ሄዶ፣ «አባ፣ ድምፁ አልሄደም፤ እኔ ግን ተኛሁ» አላቸው። እሳቸውም መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አሳርፈው፣ «ጸበልህን ይዘህ ሂድ፣ ሐኪምም ዘንድ ግባ፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ ነው» አሉት። ይህን ቃላቸውን ልብ በሉልኝ፤ ሁለቱን የሚያጣላ ብዙ ሰው አለና።

ሐኪም ፍለጋ በአንኮበር አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወደ አንኮበር ሲመጣ ኪርክ የሚባል ሐኪም አብሮት ነበርና፣ የሸዋ ሕመምተኛ ሁሉ እርሱን ይፈልግ ነበር። በኋላም ምኒልክ በአንኮበር አቅራቢያ ለጣልያኖቹ አሳሾች በሰጧቸው በልጥ ማረፊያ፣ ትራቬርሲ የተባለው ሐኪም ተቀምጧል። ያኔም ዛሬም ሰው የሚፈልገው የሚውጠውን ነገር ነው፤ ውጦ የሚድንበትን። የእኛም ሰው ይህንኑ ተስፋ ይዞ ነው ደብረ ብርሃን የወጣው።

መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ በጉም ውስጥ ዳገቱን እየቃተተ ወጣ፣ ከዚያም ሜዳው ተዘረጋ፣ ከዚያም የገብሱ ማሳ፣ የድንጋይ ካቡ፣ በጋቢ ተጀቡነው በግ የሚጠብቁ ልጆች በየመስኮቱ አለፉ፤ ብርዱ ግን እስከ መናኸሪያው አልተለየውም። በሆስፒታሉ አንዲት ወጣት ሐኪም ተቀበለችው። ጆሮውን በመብራት አየች፣ ከዚያም የተጋገረውን ኩክ በውኃ አለስልሳ አወጣች፣ ከዚያም ወንበሯን ቀረብ አድርጋ ጠየቀችው።

«አባቴ፣ ወባ ታመው ያውቃሉ?»

«አዎን ልጄ፣ ዓልዩ አምባ ገበያ ወርጄ ያዘኝ። መድኃኒት ስወስድ ያኔም ጆሮዬ ጮኾ ነበር፤ ሲያልቅ ተወኝ።»

እሷም ኩዊኒን እንዲህ እንደሚያደርግ፣ በብዛት የተወሰደ አስፕሪንም እንደዚያው እንደሆነ፣ እነዚህ ሲቆሙ ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚቆም ነገረችው። እንደ ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ያሉት መርፌዎች ግን የሚያደርሱት ጉዳት ሳይጠፋ ሊቀር እንደሚችል ነገረችው። ከዚያም «ድምፁ የልብ ትርታዎን ይከተላል? በአንድ ጆሮ ብቻ ነው? ያዞርዎታል?» አለችው። ሁሉንም አይደለም አላት። ከዚያም መስማቱ በወጉ ይለካለት ዘንድ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት ወዳለበት፣ ወደ አዲስ አበባ ላከችው።

130 ኪሎ ሜትሩን ወረደ። ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል አስቀመጡት፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፉለት፣ ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን አሉት። ከዚያም መስመሩ በወረቀት ወጣ፤ መስመሩ ደህና መጥቶ መጥቶ 4,000 ሄርዝ አካባቢ ገደል ገብቷል። ሐኪሙ ያችን ገደል በእስክሪብቶው ነክቶ፣ «ይህ የወፍጮው ሥራ ነው» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ተከተሉኝ። በውስጠኛው ጆሮ፣ ኮክሊያ በሚሉት በተጠማዘዘ አካል ውስጥ፣ 15,000 ያህል ጥቃቅን ፀጉራም ሕዋሳት አሉ፤ ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚልኩት እነርሱ ናቸው። ብርቱ ድምፅ ሲገድላቸው በሰው ላይ ዳግመኛ አይበቅሉም። አንጎል ደግሞ የለመደው ድምፅ ሲቀርበት ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ልጇ የመሸባት እናት ደጅ ደጁን ስታዳምጥ የቅጠሉ ኮሽታ ሁሉ ኮቴ እንደሚመስላት፣ እርሱም ማዳመጡን አብዝቶ የራሱን የነርቭ እንቅስቃሴ እንደ ድምፅ ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች መስማታቸው ጤነኛ የሆነ 80 ሰዎችን ጸጥ ባለ ክፍል ቢያስቀምጡ 94 በመቶው አንዳች ድምፅ ሰማን ብለዋል። ስለዚህ የአንኮበር ጸጥታ የፉጨቱ አጋር እንጂ ፈውሱ አልነበረም፤ በጻድቃኔ የተኛውም ስለዚህ ጭምር ነው።

«እሺ ዶክተር፣ መድኃኒቱን ስጠኛ» አለ ሰውየው። ሐኪሙም እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «አባቴ፣ አልዋሽዎትም፤ ይህን ድምፅ የሚያጠፋ ኪኒን እስካሁን የለም» አለው። ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ከመስማቱ በፊት ስንት ብር እንዳፈሰሰ እርሱ ያውቃል። የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ በየሱቁ የሚሸጡትን ጊንኮ ቢሎባ፣ ዚንክና ሜላቶኒን ለዚህ ሕመም አትዘዙ ብሏል። ድምፅን ከምላስ ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ንክኪ ጋር የሚያጣምር ሌኒር የተባለ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ እርሱም ስሜቱን ያቀልላል እንጂ ምንጩን አያደርቅም።

ታዲያ ምን ተረፈ? ብዙ ተረፈ። መስማቱ ለቀነሰ ሰው የመስሚያ መሣሪያ ይደረግለታል፤ የውጪው ድምፅ ሲመለስለት አንጎሉ የሚያዳምጠው ሌላ ነገር ያገኛል። ሌሊት ዝቅ ያለ ድምፅ ይከፈትለታል፤ ፉጨቱን የሚደፍቅ ሳይሆን ከእርሱ ጥቂት ዝቅ የሚል፣ አንጎል ሁለቱን አብሮ ሰምቶ እንዲለምድ። ከዚያም በሥነ ልቦና ባለሙያ የሚሰጥ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና አለ፤ ድምፁ ሲመጣ አብሮት የሚመጣውን ፍርሃትና ንዴት የሚያላቅቅ ነው። በጥናት ጭንቀቱን በማቅለል ጎልቶ የተመሰከረለት ይኸው ነው።

ሰውየውም ተመለሰ። መሣሪያውን ለመግዛት ዘመድ አዋጣለት። ባለቤቱ ሬዲዮዋን ራስጌው አስቀመጠች፣ ጣቢያ በሌለበት ሹክሹክታው ላይ አድርጋ፣ ዝቅ አድርጋ። መጀመሪያ ተናደደባት፣ ከዚያም ለመደው፣ ከዚያም ክረምቱ ገባና ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሬዲዮው አላስፈለገም። ወራት አለፉ። ፉጨቱ ዛሬም አለ፤ ሲጠይቁት «አለ፤ ግን አልጠይቀውም» ይላል። ወፍጮ ቤቱንም አልተወም፤ ዛሬ ጆሮው ላይ መከላከያ ደፍቶ ይሠራል፣ የሚያሠለጥነውንም ልጅ ሳይደፋ አያስገባውም።

እንግዲህ ፍርዱን አብረን እንስጥ። ውጤታማው ሕክምና ጩኸቱን የሚገድል ሳይሆን ሰውየውን ከጩኸቱ እስረኝነት የሚፈታ ነው። ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤትና ፋብሪካ ያላችሁ፣ ለሠራተኛ የአደጋ መከላከያ ማቅረብ በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተጣለባችሁ ግዴታ ነውና ለጆሮውም ግዙለት። ጆሮው በድንገት የተደፈነበት ሰው በቀናት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይድረስ፤ ጊዜው ካለፈ መስማቱን መመለስ ያስቸግራል። ድምፁ ከልብ ትርታ ጋር የሚመታበት፣ በአንድ ጆሮ ብቻ የሚጮህበት ወይም የሚያዞረውም ሳይመረመር አይቆይ። ሌሎቻችሁም፣ እናንተ የማትሰሙትን ድምፅ ሰማሁ የሚላችሁን ሰው አትሣቁበት፤ እመኑትና እጁን ይዛችሁ አስመርምሩት።