ቆሞ የሚሠራ ሞተር ምን ያህል ነዳጅ ይፈጃል?

ከሲያትል በስተደቡብ የምትገኘው ቡሪየን የሲያትል ታኮማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ናት። በአካባቢው በርካታ ኢትዮጵያውያን በታክሲ፣ በኡበርና በሊፍት አሽከርካሪነት ይተዳደራሉ። የነዳጁን ወጪ የሚሸፍኑት ራሳቸው ከሆኑ፣ ተሳፋሪ ሲጠብቁ የሚቃጠለው ቤንዚን ከገቢያቸው ላይ ይቀነሳል።

የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመ መኪና በሰዓት ከሩብ እስከ ግማሽ ጋሎን፣ ማለትም ከ1 እስከ 2 ሊትር ገደማ ይፈጃል። መጠኑ በሞተሩ ትልቅነትና በአየር ማቀዝቀዣው አጠቃቀም ይወሰናል። በሳምንት 5 ቀን፣ በየቀኑ 2 ሰዓት በዚህ ሁኔታ የሚጠብቅ አሽከርካሪ በሳምንት ከ2.5 እስከ 5 ጋሎን ያለ ሥራ ያቃጥላል ማለት ነው።

ማጥፋት ወይስ መተው?

ብዙዎች ሞተር አጥፍቶ መልሶ ማስነሳት የበለጠ ነዳጅ ይበላል ብለው ያምናሉ። ሆኖም ለማስነሳት የሚያስፈልገው ሞተሩ ቆሞ በ10 ሰከንድ የሚፈጀውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከትራፊክ ወጥቶ ቦታ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው ማጥፋቱ ያዋጣል። እንደ ፕሪየስ ያሉ ሃይብሪድ መኪኖች ግን ሲቆሙ አብዛኛውን ጊዜ ሞተራቸውን በራሳቸው ያጠፋሉ።

ጠዋት ማሞቅ

ሞተርን ለረጅም ደቂቃዎች ማሞቅ ከካርቡሬተር ዘመን የተወረሰ ልማድ ነው። ነዳጅ በኮምፒውተር ተመጥኖ ለሚረጭባቸው የዛሬ ሞተሮች 30 ሰከንድ ያህል ይበቃል፤ ከዚያ በዝግታ መንዳት ሞተሩን ቶሎ ያሞቀዋል። በጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስቶ መተው ደግሞ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊገድል ይችላል።

ቁልቁለት ላይ

ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሽ ነፃ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ በአገር ቤት የተለመደ ነው። ይሁንና ዘመናዊ ሞተር መኪናው ማርሽ ውስጥ እንዳለ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሳ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ መርጨቱን ያቋርጣል። ማርሹ ነፃ ሲሆን ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ መቀበሉን ይቀጥላል። በዚያ ላይ ሞተሩ መኪናውን መያዙን ስለሚተው ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

በጉዞ ላይ

በከተማ መንገድ በድንገት መፍጠንና በኃይል ፍሬን መያዝ በአንድ ጋሎን የሚኬደውን ርቀት ከ10 እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። የአራቱም ጎማዎች ግፊት በ1 ፒኤስአይ በወረደ ቁጥር 0.2 በመቶ ገደማ ይጠፋል። ትክክለኛው መጠን በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል።